ደረጃ የሌለው ቤት

መጀመሪያ ያስቸገረኝ ሽንቴ ነው። ቀትር ላይ፣ ጫት የሚያመጡት መኪኖች ጥሩምባ ሲነፉ፣ ቀጥ ይላል። ሆዴ ይነፋል፣ ላብ ያጠምቀኛል። ባሌ በሕይወት ሳለ ብርድ መትቶኝ ነው እለው ነበር። ጅቡቲ ላይ ምን ብርድ አለ!

ሳረጅ ባሰብኝ። የልጄ ልጅ ሰሚራ፣ ይህን የምትጽፍልኝ፣ ሆስፒታል ወሰደችኝ። ሐኪሟ ከፈረንሳይኛ ሌላ አታውቅም፤ ሰሚራ አስተረጎመች። ስህተቴ ይሄ ነው። «ታች በኩል ጉዳት ደርሶብዎት ያውቃል?» ስትል የምትጠይቀኝ ያሳደግኳት ልጅ ናት። አፈርኩ። ቤት ውስጥ ከደረጃ ወድቄ ነበር አልኩ።

«እማዬ፣ ካርቲየ ሁለት ሰፈር ያለው ቤታችን ደረጃ የለውም፤ ከየቱ ነው የወደቅሽው?» ብላ ሳቀች። ተቆጣኋት።

ኢንፌክሽን ነው ተባለ። አንቲባዮቲክ ዋጥኩ። ለውጥ የለም። አልትራሳውንድ ተነሳሁ። ምንም። በሦስተኛው ቀጠሮ ሐኪሟ ልትመረምረኝ ስትል እግሬን ገጠምኩ። እጇን ሰበሰበች። ሰሚራን ውጪ ጠብቂ አለቻትና እንድታስተረጉም አንዲት ጽዳት የምትሠራ የወሎ ሴት ጠራች።

«እናቴ፣ ከዚህ አይወጣም» አለችኝ ሴትዮዋ። «እኔም እንደ ብዙዎቻችን ሰው ቤት ሠርቻለሁ።»

ያኔ ተናገርኩ። ከድሬዳዋ መጥቼ ሰው ቤት ተቀጥሬ ነበር። ዕድሜዬ ከሃያ አልፎ ነበር። ጥሩምባው ይነፋል። አባወራው ጫቱን ይዞ ይገባል። ሚስቱ ትተኛለች። ክፍሌ ገብቶ በሩን ይዘጋል። አልጮህኩም። ትልቅ ሰው ሆኜ አልጮህኩም።

ሴትዮዋ ለሐኪሟ ተረጎመችላት። «ፊኛዎ ጤነኛ ነው። ጡንቻው ነው በፍርሃት የሚጨብጠው። ትራውማ ይባላል፣ የድሮ ጉዳት ውስጥ የተወው ጠባሳ ነው። ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም» አለችኝ ሐኪሟ።

ከዚያ በየሳምንቱ ቡላኦስ ሰፈር በሚኒባስ እየሄድኩ ፊዚዮቴራፒ ጀመርኩ፤ አንዲት ልጅ እጄን ሆዴ ላይ አስደርጋ ትንፋሼን ቀስ ብዬ ማውጣት፣ ታችኛውን ጡንቻ ማላላት አስተማረችኝ፣ እኔም ጥሩምባው ከመነፋቱ በፊት ቁጭ ብዬ እሱኑ እሠራለሁ። አሁን አብዛኛውን ቀን ይወርድልኛል፣ አልሐምዱሊላህ። እፍረቱ ግን አልለቀቀኝም። ይህን የምናገረው እንኳ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ነው።

ያቺን ሐኪምና ያቺን የወሎ ሴት አላህ ይባርክልኝ። እናንተም እንደኔ የሆናችሁ፣ ልጃችሁን አስተርጓሚ አታድርጉ፤ ሌላ ሰው ጥሩልኝ በሉ። እንደኔ እስክታረጁም አትቆዩ።

ሰሚራ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «እማዬ፣ ደረጃው እሱ ነበር?»

እሱ ነው። ጻፊው።