ጃንጥላ ያዡ ማርሻሎ

ፎቶ ቤት በተቀጠርኩበት ቀን ፎቶግራፍ አላነሳሁም። ወንበር ነው የተሸከምኩት።

አሠሪዬ ሙሴ ቫሃን ጉለሌ፣ ወደ እንጦጦ በሚወጣው መንገድ ዳር ፎቶ ቤት የነበረው አርመን ነው። እዚሁ ተወልዶ ያደገ፣ አማርኛው ከኔ የሚሻል፣ ሲናደድ ደግሞ በሦስት ቋንቋ የሚናደድ ሰው ነበር። ጣልያን ሲገባ ሠራተኞቹ ገሚሱ ጫካ፣ ገሚሱ ወዳገሩ ሄዶ ብቻውን ቀርቶ ነበር። እኔም ሥራ ፈት ነበርኩና በሩን አንኳኳሁ።

"ምን ትችላለህ?" አለኝ።

"ማንበብና መጻፍ።"

"እሱን ተወው። ወንበር መሸከም ትችላለህ?"

እንግዲህ ወንበሩን እንደ ተራ ወንበር አትዩት። ባለ ትልቅ መደገፊያ፣ ክንዱ የተቀረጸ፣ ከጉለሌ ሰው ግማሹ ተቀምጦበት የተነሳበት ወንበር ነው። ደንበኛው ከቤቱ ካልወጣ፣ ወንበሩ ወደ ደንበኛው ይሄዳል። የመጀመሪያ ቀኔን ቁስቋም ድረስ ተሸክሜው ወጥቼ፣ ሴትዮዋ "ዛሬ ራሴን አሞኛል" ብለው መልሰውኝ ይዤው ወረድኩ።

በዚያ ቤት ማዕረግ ነበረ። መጀመሪያ ተሸካሚ ነህ። ቀጥሎ አጣቢ ትሆናለህ፤ ጨለማ ክፍል ገብተህ በቀይ መብራት ታጥባለህ። መጨረሻ ላይ ሙሴ ቫሃን ደስ ሲለው አንሺ ያደርግሃል። ፊልም የሚባለውን አዲስ ነገር አያምነውም ነበርና የምንሠራው በመስታወት ነው። መስታወቱ ብርሃን እንዳይነካው ጠፍጣፋ የእንጨት ቤት አለው፤ እኛ ማኅደር እንለዋለን። ማኅደሩን ከካሜራው ጀርባ ትሰካለህ፣ ክዳኑን ትስባለህ፣ ታነሳለህ፣ ክዳኑን መልሰህ ዘግተህ ማኅደሩን ታወጣለህ። ጣጣው ምንድን ነው፣ ያነሳህበትም ያላነሳህበትም ከውጭ ሲታይ አንድ ነው።

ስለዚህ ሙሴ ቫሃን የቆዳ ቦርሳውን ሁለት ኪስ እያሳየ አስተማረኝ። "ግራ ኪስ ያላየ፣ ቀኝ ኪስ ያየ።" ብርሃን ያላየ፣ ብርሃን ያየ ማለቱ ነው። "ይህን ከረሳህ ወንበሩን ታገባዋለህ እንጂ ካሜራ አትነካም" አለኝ። አልረሳሁም። እስከዛሬም እንቅልፌ ውስጥ ብትጠይቁኝ እመልሳለሁ።

አንሺ በሆንኩ ሰሞን አቶ ደስታ መጡ። ከቡልጋ የመጡ ቅቤ ነጋዴ ናቸው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ጸጥ ያሉ ሰው። "ለኔ ብቻ የሚሆን፣ እንጦጦ ማርያም ድረስ አብሮኝ የሚወጣ ፎቶ አንሺ እፈልጋለሁ" አሉ።

ሙሴ ቫሃን ዳገቱን አሰበና "ምን አደከመዎት? እዚሁ የተሳለ ሸራ አለን" ብሎ መጋረጃውን ገለጠላቸው። ሐይቅ ነው፤ ዳክዬዎች ይዋኙበታል።

አቶ ደስታ ረጋ ብለው አዩት። "ግራዝማች ዳክዬ አይወዱም" አሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አቶ ደስታ እዚያው ቡልጋ አስካለ የምትባል ልጅ ወደዋል። ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ልከው አባቷ ግራዝማች ሁለቴም መልሰውባቸዋል። ግራዝማች በምኒልክ ጊዜ እንጦጦ ላይ ያደጉ፣ ወንድ ልጃቸው ደግሞ አርበኛ ሆኖ ጫካ የገባ ሰው ናቸው። "ከተማ ለከተማ ዞሮ የሚነግድ ሰው ለጣልያን ሳያጎነብስ እንዴት ይነግዳል? ለጎንባሽ ልጄን አልሰጥም" ብለዋል። ሦስተኛው ሽማግሌ ሊሄድ ነው፤ ይሄም ከተመለሰ አስካለን የሚጠይቅ ሌላ ሰው ተራውን ይዞ ቆሟል።

"ሽማግሌዎቼ እስካሁን ባዶ እጃቸውን ነው የሄዱት" አሉኝ አቶ ደስታ። "አሁን ፎቶ ይዘው ይሂዱ። ሰውዬው ባደጉበት ደጅ እንደ ሰው ተቀምጬ ይዩኝ። ነገ ጠዋት ከነጋዴዎች ጋር ስለምመለስ ዛሬውኑ አድርስልኝ።" አዘንኩላቸው። ወንበሩን በአህያ ጭነን ወጣን።

በእጃቸው ከአራዳ የገዙት አዲስ ነጭ ጃንጥላ ይዘዋል። ተዘርግቶበት መነሳት ፈልገው ነበር። ፊትዎን ያጨልመዋል ብዬ ከለከልኳቸው፤ ቅር እያላቸው ከአጥሩ ጋር አስደገፉት።

እንጦጦ ማርያም ደጅ ስንደርስ ሌላ ጣጣ መጣ። ቤተ ክርስቲያኗ ከኋላ እንድትታይ ወንበሩን ሳስቀምጥ "ጀርባዬን ለማርያም ሰጥቼ አልቀመጥም" አሉ።

"ታዲያ ፊትዎን ወደ እሷ ካዞሩ ፎቶው ላይ ባሕር ዛፍ ብቻ ነው የሚታየው።"

"ባሕር ዛፍማ ቡልጋም አለ።"

"እንግዲያው ጎንዎን ይስጧት።"

በጎን ተስማማን። ዛፎቹ ከኋላ፣ ቤተ ክርስቲያኗ ከጎን። መጀመሪያ ቆመው አነሳኋቸው። ልክ ክዳኑን ስስብ እጅ ነስተው ተሳለሙ። ያ ፎቶ አንገት የለውም። ሁለተኛውን ተቀምጠው፣ "ስምንት እስክቆጥር ማርያም ትታገስዎታለች" ብዬ ለምኜ አነሳሁ። እንደ ሐውልት ጸጥ አሉ። ማኅደሩን ቀኝ ኪስ ከተትኩ። ደስ አለኝ።

ያን ጊዜ ነው "ፌርሞ!" የሚል ድምፅ ከኋላዬ የመጣው። ቁም ማለቱ ነው።

ማርሻሎ ነበር፣ የዚያ አካባቢ ጥበቃ አለቃ። ወፍራም፣ ጢሙ የተቀባ፣ ቦት ጫማው የሚያብለጨልጭ። ከሱቅ በለቀምኳት ጣልያንኛ ፈቃድ እንዳለን ነገርኩት። አልሰማኝም። ቦርሳዬን ነጥቆ ገለበጠውና ማኅደሮቹን በሙሉ ሣሩ ላይ ዘረገፋቸው። አንዱን ሊከፍት ሲል "ከከፈቱት ይበላሻል!" ብዬ ጮህኩ። ደግነቱ ተወው። ከዚያ ሥርዓት ያለኝ ሰው ነኝና ልመልስ ብሎ ራሱ አነሳስቶ፣ ግራውንና ቀኙን አደባልቆ ከተታቸው። እኔ ደግሞ መሣሪያ ታጥቆ ከፊቴ የቆመን ሰው "ቀኝ ኪስ ያየ ነው" ልለው ነው እንዴ?

ካሜራውን ዞር ዞር ብሎ አየውና ፊቱ ፈታ አለ። "ለእናቴ የምልከው ፎቶ እፈልጋለሁ" አለኝ። "እዚሁ፣ እንደ አገሩ ጌታ።" ጃንጥላውንም አየው። ብድግ አድርጎ ዘረጋው።

ካሜራው ከቦታው አልተነሳም፤ ብርሃኑም እዚያው ነበር። አቶ ደስታ ከወንበሩ ተነሱ። ፊት ለፊቱ ጭቃ ስለነበር ማርሻሎው ጫማውን አስቦ ከወንበሩ ኋላ ቆመ። ጃንጥላውን ራሱ ላይ ሲያደርግ ፊቱ ጠቆረ። ለአቶ ደስታ የነገርኩትን ለሱም ነገርኩት፤ "ወደ ፊት ገፋ ያድርጉት።" ክንዱን ዘርግቶ ጃንጥላውን ከባዶው ወንበር በላይ ይዞ፣ አገጩን ወደ ላይ አድርጎ ቆመ። ከግራ ኪስ ማኅደር አውጥቼ አነሳሁት። "ዛሬውኑ መጥቼ እወስዳለሁ" ብሎ ለቀቀን።

ሙሴ ቫሃን መስታወቶቹን ሊያጥብ ጨለማ ክፍል ገባ። አንዱ አንገት የሌለው ወጣ። አንዱ ምንም የሌለበት ንጹሕ ወጣ። ሦስተኛውን ወደ ቀይ መብራቱ አስጠግቶ ደጋግሞ አየው።

"ተክሌ" አለኝ ቀስ ብሎ፤ "ይሄን ጣልያን ማን ቀጠረው?"

በወረቀት አትመን አየነው። አቶ ደስታ ግርማ ሞገስ ለብሰው ተቀምጠዋል። ማርሻሎው ከኋላቸው ጥቁሩ ዛፍ ላይ ቁልጭ ብሎ ወጥቷል። ክንዱን ዘርግቶ፣ ነጩን ጃንጥላ በአቶ ደስታ ራስ ላይ ይዞላቸዋል። ሰውዬው የቀላቀላቸው ማኅደሮች ጉድ ሠሩን፤ ያየው መስታወት ላይ ነው ደግሜ ያነሳሁት። ጃንጥላ የሚያዝለት ማን እንደሆነ አገሩ ሁሉ ያውቃል። ለራስ፣ ለደጃዝማች፣ ለጳጳስ ነው። የሚይዘው ደግሞ አሽከር ነው።

"ይሄ ፎቶ ከታየ" አለ ሙሴ ቫሃን፣ "ሦስታችንንም ባንድ ገመድ ይሰቅሉናል።" እውነቱን ነው። ጥቁር ተቀምጦ ነጭ መቆሙ ብቻ ያስቆጣቸው ነበር።

አቶ ደስታን ጠራናቸውና አሳየናቸው። ሊቆጡ ነው ብዬ ስጠብቅ ረጅም ጊዜ አዩት። ጆሯቸው ድረስ ሳቁ። "ይሄንን ስጡኝ" አሉ።

"ይገድልዎታል" አለ ሙሴ ቫሃን።

"አስካለን ካጣሁ ምን ቀረኝ?"

መልስ ሳንሰጥ ማርሻሎው ከደጅ ተጣራ። ሙሴ ቫሃን ወደ ጨለማው ክፍል ዘለለ። አቶ ደስታ ውኃ የሚንጠባጠበውን ወረቀት ከነጠላቸው ሥር፣ ቀኝ ብብታቸው ውስጥ ወሸቁት። ማርሻሎው ሲገባ ከውስጥ የመስታወት መሰበር ድምፅ ተሰማ። ሙሴ ቫሃን የንጹሑን መስታወት ስብርባሪ ይዞ እንባ ባቀረረ ዓይን ወጣ። "ወይኔ ማርሻሎ! ለእናትዎ የሚላከው ፎቶ!" የዚያን ቀን ትወናውን ስንቱ ተዋናይ ይመኘዋል።

ማርሻሎው ተሳደበ። ከዚያ ወደ አቶ ደስታ ዞረ። ያኔ የጣልያን ሹም ወዳለህበት ሲገባ ቀኝ እጅን ወደ ላይ ዘርግቶ ሰላምታ መስጠት ግዴታ ነበር። አቶ ደስታ ቀኝ እጃቸው ጎናቸው ላይ ተጣብቋል።

"እጅህስ?" አለ ማርሻሎው።

"ትከሻው ወልቋል" አልኩት ቶሎ ብዬ። "ከበቅሎ ወድቆ።" አቶ ደስታም ጣልያንኛ ባይሰሙም ፊታቸውን አጨማደዱ። ከነጠላቸው ጫፍ ውኃ ጠብ ጠብ ይላል።

"እንግዲያው አሁኑኑ እንደገና አንሡኝ" አለ ማርሻሎው። ዳክዬዎቹን አየና በጣም ወደዳቸው። ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ጥግ የቆመውን ጃንጥላም አየ። "አንተ" አለ ወደ አቶ ደስታ፣ "ና፣ ያዝልኝ።"

አየኋቸው፤ አዩኝ። ጥርሳቸውን ነክሰው ጃንጥላውን በግራ እጃቸው አንስተው ከማርሻሎው ኋላ ቆሙ። ቀኝ ክንዳቸው ፎቶውን ጭምቅ አድርጎ ይዟል። ስምንት እስክቆጥር ዕድሜዬ አለቀ። ብብታቸው ውስጥ ያ ማርሻሎ ጃንጥላ ይዞላቸዋል፤ ከብብታቸው ውጭ እሳቸው ይዘውለታል። ሳቅ አፈነኝና በካሜራው ጥቁር ጨርቅ ውስጥ ተደበቅሁ።

ማርሻሎው ፎቶውን ወስዶ ደስ ብሎት ሄደ። ሙሴ ቫሃን ጉደኛውን መስታወት በመዶሻ አደቀቀው። አንዷ ወረቀት ብቻ በቅቤ ቅል መክደኛ ውስጥ ተደብቃ ቡልጋ ገባች። "ሁለተኛውን ፎቶ፣ ዳክዬ ያለበትን፣ በሕይወት እያለሁ ለማንም አትንገር" ብለውኝ ነበር አቶ ደስታ። እስኪያርፉ ድረስ ቃሌን ጠብቄያለሁ።

ጣልያን ከወጣ በኋላ ለልጃቸው ክርስትና ተጠራሁ። አስካለ እንግዳ ታስተናግዳለች። ፎቶው ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፤ ጠርዙ የብብት ቅርጽ ይዞ ቀርቷል። ግራዝማች አርጅተው ከሥሩ ተቀምጠዋል። ያነሳሁት እኔ መሆኔን ሲሰሙ አጠገባቸው አስቀመጡኝ።

"ፎቶውን ሳይ ጠላት ያጎነበሰለትን ሰው አልመልስም አልኩ" አሉ። "ልጄንም ሰጠሁ። አንድ ነገር ግን ቅር ይለኛል። ያ ጣልያን ጃንጥላውን አጣሞ ነው የያዘው። የኔ አሽከር ቢሆን በዚያው ቀን አሰናብተው ነበር።"

አቶ ደስታ ጠላ ሊቀዱልኝ ጎንበስ ብለው በጆሮዬ "እኔስ ቀጥ አድርጌ ነበር የያዝኩለት" አሉኝ።

ለሥራ ባልደረቦቼ የምለው ይህን ነው። ቦርሳችሁን ሌላ ሰው ከነካው፣ ማኅደሮቹን ሁሉ ብርሃን እንዳዩ ቁጠሯቸው።