ለጥቅምት የተቀጠረ ሰርግ

አክስቴ፣ አላህ ጀነትን ይወፍቃቸውና፣ በዚህ ክረምት ተለዩን። ከቤታችን በታች፣ ኮምቦልቻ ዳር ካለው ረግረግ ኩሬ ውሃ ሲቀዳ መጀመሪያ በብርጭቆ አድርገው ወደ ፀሐይ ያነሱት ነበር። በክረምት ጎርፉ ያቀላዋል፤ ጥቅምት ላይ ኩልል ብሎ ይጠራል፤ ግንቦት ሲደርስ ኩሬው ይጎድልና ውሃው አረንጓዴ ሆኖ ይሸታል።

በደርግ ጊዜ እኔን ሊጠይቁ ሽማግሌዎች ከደሴ የመጡት በግንቦት ነው። አክስቴ ብርጭቆውን አይተው ወጡና፣ «ልጅቱን ወላሂ አንከለክላችሁም። ሰርጉ ግን ለጥቅምት ይሁን፤ ይህን ውሃ ለእንግዳ አላቀርብም» አሏቸው። እኔ ጓዳ ሆኜ አለቀስኩ። እስከዚያ ልጁ ሐሳቡን ቢቀይርስ?

በሳምንቱ ሙሽራው ራሱ አንድ ጀሪካን የደሴ የቧንቧ ውሃ አውቶብስ ላይ ጭኖ ከች አለ።

«እማማ፣ ይኸው ውሃ። እባክዎ ሰርጉን ያፍጥኑልን።»

አክስቴ ቀመስ አድርገው ፊታቸውን አጨማደዱ። «ብረት ብረት ይላል። የእኛን በጥቅምት ብትቀምሰው!» አሉና ሳቃቸው አመለጣቸው። ወደ እኔ ዞረው ደግሞ፣ «አይዞሽ፣ ይሄ ልጅ ይጠብቅሻል» አሉኝ።

ጠበቀኝ። በሰርጋችን ቀን አማቴ ምግቡን ትተው ውሃውን ደጋግመው አስቀዱ።

ዘንድሮ ጥቅምት ሲገባ ባለቤቴ፣ «ኩሬው ጠራ እንዴ?» አለኝ። በየዓመቱ ይህን የሚነግሩን አክስቴ ነበሩ። ነጠላዬን አነሳሁና አብረን ልናይ ወረድን።