«ይበቃል» ሲሉት የሚያምን ብረት

አንዳንድ ሰው ከሥራ ሲመለስ ሙዝ ይዞ ይመጣል፤ አንዳንዱ ዳቦ። የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ከሞጆ ደረቅ ወደብ ሲመለስ ብረት ይዞ መጣ።

ሰውየው ትራንዚተር ነው። የሰው ዕቃ ከኮንቴይነር አስወጥቶ ለባለቤቱ ማስረከብ፣ ይኸው ነው ሥራው። ኮንቴይነር ሲከፈት ቆሞ ከማየቱ ብዛት ግን በዓለም ላይ ያለ ጥሩ ነገር ሁሉ ከኮንቴይነር እንደሚወጣ ማመን ጀምሯል። ፀሐይ ጠዋት በወለንጪቲ በኩል ብቅ ስትል እንኳን ማኅተሟን ቆርጦ ያስወጣት እሱ ነው የሚመስለው። አገር ውስጥ የተሠራ ነገር ሲያይ አፍንጫውን ይነፋል። እኔን ሲያይም እንደዚያው ያደርጋል፤ እኔም አገር ውስጥ የተሠራሁ ነኝና።

ብረቱን ምግብ ጠረጴዛችን ላይ ገጭ አደረገው።

«ምንድን ነው ጋሼ?» አለች ባለቤቴ።

«ሥልጣኔ ነው።»

ጠጋ ብዬ ሥልጣኔን አየሁት። ከሥሩ የጠረጴዛ ጠርዝ የሚነክስ፣ ጋራዥ ቤት እንደምናውቀው ሞርሳ ያለ መንጋጋ አለው። ከመንጋጋው በላይ ጣሳ የሚያቅፍ ቀለበት። ከጣሳው በታች እጀታ ያለው ክብ ጠፍጣፋ ብረት፣ ከላይ ደግሞ የተወጠረ ሽቦ። ሁለቱም ጫፉ የተከፈተ የአይስክሬም ጣሳ ቀለበቱ ውስጥ ይታሰራል፤ እጀታውን ስታዞር ጠፍጣፋው ብረት ከታች ይገፋል፤ አይስክሬሙ በላይ በኩል ብቅ ይላል፤ ሽቦው ይቆርጠዋል። አለቀ። ሞተር የለው፣ መብራት አይፈልግ። የአይጥ ወጥመድ እንኳን ከሱ የተሻለ ያስባል። ለዚህ ነው እንግዲህ መርከብ ባሕር ያቋረጠው፣ ከባድ መኪና ከጅቡቲ እስከ ሞጆ አቧራ የበላው!

ነገሩን ወደ እኛ ቤት ያመጣው የባለቤቴ ሥራ ነው። ባለቤቴ አይስክሬም ትሠራለች፤ በዱቄት ወተት ጣሳ ትሞላና ታስቀዘቅዘዋለች። የአዳማን ሙቀት ለማያውቅ ልንገረው፦ ሚያዝያ ላይ መንገድ ስወጣ ጥላዬ ጥሎኝ ይሄድና ዛፍ ሥር ቁጭ ብሎ ይጠብቀኛል። በእንዲህ ያለ ከተማ አይስክሬም የሚሠራ ሰው ከሐኪም እኩል ይከበራል፤ ችግሩ ቦታ ነው። ትልቁ ዲፕ ፍሪዘር ሳሎናችን ውስጥ፣ ሶፋው የነበረበት ቦታ ላይ ተጋድሟል። ሶፋው ጎረቤት በጥገኝነት ይኖራል። እንግዳ ሲመጣብን ፍሪዘሩ ላይ እናስቀምጠዋለን፤ ሁለት ሰዓት የሚቆየው እንግዳ ሩብ ሰዓት ሳይሞላው ወገቡን ይዞ ይነሳል። ይህንን ጥቅሙን አልክድም።

ባለቤቴ የምትመኘው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ከተማው ውስጥ አንድ የሰርግ አዳራሽ አለ፤ ባለቤቱ ከወሎ መጥተው እዚሁ ያረጁ ነጋዴ ሐጂ ናቸው። መጠጥ በደጃቸው አያስገቡም። ስለዚህ መጠጥ የማይቀምሱት የእኛ ቤተ ክርስቲያን ሰዎችም ልጆቻቸውን የሚድሩት እዚያው ነው፤ ሐጂም ደስ ይላቸዋል፣ ፓስተሮቹም ደስ ይላቸዋል። መጠጥ በሌለበት ሰርግ ላይ ደግሞ ንጉሡ አይስክሬም ነው። አዳራሹ በር አጠገብ አንዲት ጥግ አለች። ባለቤቴ ያቺን ጥግ ብታገኝ ፍሪዘሩም ከሳሎናችን ይወጣል፣ እሷም በየሰርጉ ማቅረብ ትችላለች። ሐጂን ሄዳ ጠይቃቸው ነበር።

«ልጄ» አሏት፣ «አንድ ሰርግ ላይ ልይሽ። እንግዳዬ ደስ ብሎት ከወጣ ጥጓ ያንቺ ናት። ፊቱን አኮሳትሮ ከወጣ ግን እንዳትቀየሚኝ።»

ሰርጉም ቀረበ። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ልጃቸውን ሊድሩ። ባለቤቴ እንቅልፍ አጣች። እኔ አጠገቧ ተኝቼ እንቅልፍ አላጣሁም፣ ግን አዘንኩላት። ብረቱ ከተፍ ያለው እንግዲህ በዚህ መሐል ነው።

«በሰርጉ ቀን በዚህ ነው የምታቀርቢው» አለ ትራንዚተሩ። «እኔ ራሴ ቆሜ አዞርልሻለሁ።»

አባታቸው ከሞቱ በኋላ ያሳደጋት እሱ ነው። እምቢ አይባልም። እሷ መሬት መሬት አየች፤ እኔ ደግሞ መንጋጋው ጠረጴዛዬ ላይ የተወውን የጥርስ ምልክት አየሁ። ውሻ ቢነክሰው ይሻለው ነበር፤ ውሻ ቢያንስ ክትባት አለው።

ሙከራ ተደረገ። የሚያበሳጨው ነገር፣ ብረቱ መሥራቱ ነው። እጀታው አንዴ ሲዞር አንድ ክብ ቁራጭ፣ ሁለቴ ሲዞር ሁለት ክብ ቁራጭ፤ አንዱ ካንዱ አይወፍር፣ አይቀጥን። አንድ ሳህን ሙሉ መንታ ወለደ።

«እኩልነት ማለት ይኼ ነው!» አለ።

«በጭልፋ ሲወጣ ምን ጎደለው?» አልኩት።

«ጭልፋ ስሜት አለው፤ ለአንዱ ያበዛል፣ ለአንዱ ያሳንሳል። ማሽን ስሜት የለውም።»

ይህንን ያለው እያሞገሰው መሆኑን ልብ በሉልኝ።

በሰርጉ ቀን ነጭ ጋውን ለብሶ መጣ። ጋውኑን ከየት እንዳመጣው አልጠየቅሁም፤ ከኮንቴይነር ነው የሚለኝ። በሩ አጠገብ ባለችው ጥግ ጠረጴዛ ተዘረጋ፣ መንጋጋው ጠረጴዛውን ነከሰ፣ የመጀመሪያው ጣሳ ታሰረ። ዘማሪዎቹ ዘመሩ፣ ከዚያም ሌሎች ዘማሪዎች ዘመሩ። ሰባኪው ለሙሽሮቹ ስለ ትዕግሥት አስተማሩ፤ አስተማሩ፤ አስተማሩ፤ የእኛ አይስክሬም ትዕግሥቱ ሊያልቅ አንድ ጸሎት ሲቀረው ወርደው ተቀመጡ። ሐጂ በሩ ሥር ወንበራቸው ላይ ሆነው የሙስባሃቸውን ዶቃ ይቆጥራሉ። ከሩቅ ሲታዩ የተኙ ይመስላሉ፤ ዓይናቸው ግን የእኛ ጥግ ላይ ነበር።

ሕዝቡ ሳህን እየያዘ ተሰለፈ። ከሰልፉ ፊት የቆሙት የሙሽራዋ አባት አክስት ነበሩ። እማማ ከወለንጪቲ ድረስ መጥተዋል፤ የሙሽራዋን አባት ጡት ካስጣሉበት ቀን ጀምሮ ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። ሳህናቸውን ዘረጉ። ትራንዚተሩ አንዴ አዞረ። ቁራጩ ሳህኑ ላይ ጠብ አለ።

«ይበቃል ልጄ፣ ይበቃል» አሉ እማማ።

አቆመ!

«የሚቀጥለው!» አለ።

እኔ በዚህ ዕድሜዬ ብዙ ጉድ አይቻለሁ፤ እንዲህ ያለ ግን አላየሁም። ከሞጆ እስከ ባቱ ባለው አገር ሁሉ፣ ሳህን ዘርግታ «ይበቃል» ያለችን እናት ያመነ ሰው ተወልዶ አያውቅም። የአገሩ ሥርዓት የታወቀ ነው፤ ተቀባይ «ይበቃል» ይላል፣ አቅራቢ «በሞቴ» ይላል፤ ተቀባይ ሳህኑን ያሸሻል፣ አቅራቢ እያሳደደ ይጨምራል፤ ሁለቱም ላብ በላብ ሆነው በፍቅር ይለያያሉ። ሕፃን ልጅ ያውቀዋል። ትራንዚተሩም ያውቀዋል፤ እኛ ቤት ሲበላ ስንቴ «ይበቃል» እያለ ድስት እንዳስገለበጠ እኔ ምስክር ነኝ። ያን ቀን ግን እጁ ላይ ማሽን ነበረ። ማሽን ሲይዝ የእናቱን ቋንቋ ረሳ።

እማማ ከቦታቸው አልተነቃነቁም። ሳህናቸውን አዩ።

«ይኼ ምንድን ነው? ሳሙና ነው?»

«ለቅምሻ ይሆናል እማማ» አለች ከኋላቸው ያለች ሴት። «ዋናው በኋላ ይመጣል።»

«ተሰልፈን ክትባት ነው እንዴ የምንወስደው?» አለ አንድ ጎልማሳ ከሰልፉ መሐል። «ጋውን የለበሱት ለዚህ ነዋ!»

ትራንዚተሩ ጉሮሮውን ጠረገ። «እማማ፣ ለሁሉም ሰው እኩል ነው የሚደርሰው።»

«እኩል?» አሉ እማማ። «የሙሽራዋን አባት አዝዬ ያሳደግሁት እኔ ነኝ። ከማን ጋር ነው እኩል ያደረግኸኝ?»

«ራስዎ አይደሉም እንዴ ይበቃል ያሉኝ!»

«እና ምን ልበል? አልበቃኝም ልበል? ያልተቀጣሁ ነኝ እኔ?»

ሳህኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው ፊታቸውን ወደ በሩ አዞሩ። የሙሽራ አባት አክስት አኩርፈው ከወጡ ሰርጉ ሰርግ አይባልም፤ ልጅ ተወልዶ፣ ልጁም አግብቶ «ያኔ እማማ አኩርፈው የወጡበት» እየተባለ ይነሳል። ሐጂ ሙስባሃቸውን መቁጠር አቆሙ። ባለቤቴ ሐጂን አየቻቸው፤ ሐጂ ጣሪያውን አዩ። ጥጓ ከእጇ ስትወጣ በዓይኔ አየሁ። የዚያን ሰውዬ ውድቀት ስንት ዓመት ሙሉ ስመኝ ኖሬ፣ በመጨረሻ ሲወድቅ ጊዜ የወደቀው ሚስቴ ላይ ነው። ሲወድቅ እንኳን ቦታ አይመርጥም!

ባለቤቴ ወንድሟን በዳሌዋ ገፋችው። «ጋሼ፣ ዞር በል።» ሽቦውን መንጭቃ ነቀለችው። ሳህኑን በአንድ እጇ አነሳች፣ እጀታውን በሌላው ያዘች።

«እማማ! ወዴት ነው? እኔ መች ጀመርኩ!»

እማማ በትከሻቸው ዞር ብለው አዩ። ባለቤቴ እጀታውን አዞረች።

«ይበቃል» አሉ እማማ፣ ገና ከሩቁ።

«በሞቴ!» አዞረች።

«ኧረ ይበቃል ልጄ!» አንድ እርምጃ ቀረብ አሉ።

«ስለ ሙሽራዋ!» አዞረች። አይስክሬሙ ሽቦ የሚቆርጠው አጥቶ ከጣሳው ወጣ፣ ወጣ፣ አሁንም ወጣ።

«ገኤራ! ገኤራ ጃኔ!» ብለው እማማ በኦሮምኛም በቃኝ አሉ።

«እሱ ደግሞ ያሳደጉት የሙሽራዋ አባት ድርሻ ነው!» አዞረች።

የጣሳው ሙሉ አይስክሬም ወደ ሳህኑ ተሻገረና ቀጥ ብሎ ቆመ። አዳማ ውስጥ ያንን የሚያህል ፎቅ ገና አልተሠራም። ጫፉን ለማየት አንገቴን ቀና ሳደርግ ኮፍያዬ ወደቀ ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ፎቁ ዘመም ሲል እማማ ነጠላቸውን ጥለው ሮጡና በሁለት እጃቸው ሳህኑን ከሥር ያዙ።

«ገደለችኝ! ይቺ ልጅ ገደለችኝ!» አሉ፤ ፊታቸው ግን እንደ ሙሽራዋ በርቶ ነበር። ሳህኑን ከፍ አድርገው ለአዳራሹ ሁሉ አሳዩት። እልልታው ሙሽራዋ ስትገባ ከነበረው ቢበልጥ እንጂ አያንስም። ከዚያ ወንበራቸው ላይ ተቀመጡና «እኔማ ስኳር አለብኝ፣ ሐኪም ከልክሎኛል» ብለው ሳይቀምሱት ለከበቧቸው ሁሉ አደሉት።

ከዚያ በኋላ በሰልፉ ያለው ሁሉ ሳህኑን ዘርግቶ «ይበቃል! ይበቃል!» ሲል፣ ባለቤቴ «በሞቴ! በሞቴ!» እያለች ስታዞር ዋለች። ሰው እምቢ ለማለት ተጋፋ። አይስክሬሙ ሰልፉ ሳያልቅ አለቀ፤ የኋለኞቹ ከፊተኞቹ ሳህን እየተጎራረሱ በሉ፤ ማንም ፊቱን አላኮሳተረም፣ በነጭ ጋውን ጥግ ከቆመው ሰው በቀር።

ሐጂ ከወንበራቸው ተነስተው መጡ።

«ልጄ፣ ጥጓ ያንቺ ናት» አሏት። «ብረቷንም ይዘሻት ነይ፣ ሰው ታስቃለች። ዶክተሩ ግን ቤታቸው ይረፉ።»

ይኸው ፍሪዘሩ ሄደ። በየሰርጉ ብረቱን ጉልበቴ ላይ አስቀምጬ በባጃጅ የማመላልሰው እኔ ነኝ፤ ባለቤቴ የምታዞረው ደግሞ ያለ ሽቦ ነው። እኔ አሁንም አልናቅሁትም ብል እዋሻለሁ። ምግብ ለማቅረብ የሚያፍር ሰው የፈጠረው ዕቃ ነው። ከሽቦው ውጪ ያለው ክፍሉ ብቻ ነው ሰው የሆነው፣ እሱም አዳማ መጥቶ ነው።

ትራንዚተሩማ ሞጆ ላይ «እህቴን አዳራሽ ያስገባኋት በማሽን ነው» እያለ ያወራል አሉ። ሶፋችን ከስደት በተመለሰ ሳምንት ሊጠይቀን መጣና የመጀመሪያው ተቀማጭ ሆነ። እግሩን አነባብሮ፣ ትልቅ መጠን ያለው ሞዴል እንዳለ፣ እሱን እንደሚያስመጣ አጫወተን። ከሰርግ የተረፈች አንዲት ጣሳ ነበረች። ብረቱን አወጣሁ፤ ጠረጴዛዬን በድሮው ጥርሱ ምልክት ላይ አስነከስኩት። ሽቦውን ከመሳቢያ ፈልጌ በቦታው ወጠርኩት። ባለቤቴ ከማድ ቤት በር ሆና ስታየኝ አፏን በእጇ ያዘች።

«ለጋሼ፣ በክብር» አልኩና አንዴ አዞርኩ። ቁራጩ ሳህኑ ላይ ጠብ አለ።

«ይበቃል፣ ይበቃል» አለኝ ሳህኑን ትንሽ ሸሸት አድርጎ።

አመንኩት።