ከዓመቱ ፊት የቆሙት ሦስት ፊደላት

በሁለት ሺዎቹ መጀመሪያ ቂርቆስ ውስጥ እንግሊዝኛ አስተምር ነበር። ምሳዬን የምበላው ካዛንቺስ፣ ሁላችንም እማማ የምንላቸው ሴት ዘንድ ነበር። በኪራይ ቤት ለብዙ ዓመታት ሽሮ ሲሸጡ ኖረዋል። የቤቱ ባለቤት ሲሞቱ ወራሽ ልጃቸው እማማን አስወጣና እዚያው የራሱን ምግብ ቤት ከፈተ። እኔም ቅርብ ነው ብዬ መሄዴን አልተውኩም።

አንድ ቀን ወራሹ አጠገቤ ተቀመጠ።

"ቲቸር፣ ፈረንጆቹ ሰሌዳቸው ላይ ኢ፣ ኤስ፣ ቲ ብለው ዓመት ይጽፋሉ። ምን ማለት ነው?"

ማብራራት እወዳለሁ። ነጥብ ካለው "የተመሠረተው" የሚለው ቃል ማሳጠሪያ መሆኑን፣ ሥሩም ላቲን ሆኖ "ማጽናት" ማለት እንደሆነ ነገርኩት። ያለ ነጥብ ቅጽል መጨረሻ ላይ ሲቀጠል ደግሞ "ከሁሉ የበለጠ" የሚል ትርጉም ይሰጣል፤ ይኼኛው የእንግሊዞቹ የራሳቸው የጥንት ቅጥያ ነው አልኩት።

"በቃ፣ ሁለቱም እኛ ነን!" ብሎ ሳቀ። ጥብስ ጋበዘኝ፤ በላሁ።

ሰሌዳው ተሰቀለ። ከሦስቱ ፊደላት ቀጥሎ የተጻፈው ዓመት እማማ ሥራ የጀመሩበት ነበር፤ የበኩር ልጃቸውን የወለዱበት ዓመት ስለሆነ ለደንበኛው ሁሉ ያወሩት ነበር። ውስጥ ስገባ ደግሞ ረስተውት የሄዱት ፎቷቸው ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ሰውየው ለእንግዶች "እናቴ ናት፤ ሙያው የሷ ነው" ይላል።

ጠጋ ብዬ፣ "እናትህ ናቸው እንዴ?" አልኩት።

"ማርኬቲንግ ነው ባክህ" ብሎ ጠቀሰኝ።

ከእሱም ይልቅ የራሴ አፍ፣ በዚያ በማስተማሪያ ድምፄ የተነተንኩለት ነገር፣ ጥብሱን ያላመጥኩበት ጥርሴ አስጠላኝ። ወንበር ላይ ወጥቼ ፎቶውን ነቀልኩት። "አብደሃል እንዴ?" እያለ እስከ በሩ ተከተለኝ፤ ሰው ፊት ሊቀማኝ ግን አፈረ።

ፎቶውን ይዤ እማማ ዘንድ ሄድኩ፤ ቂርቆስ፣ ልጃቸው ቤት ነበሩ። መስታወቱን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉት፤ የወጥ ቤቱ ቅባት አልለቅ አላቸው።

"በታክሲ ሳልፍ ሰሌዳው ላይ ዓመቷን አየኋት" አሉ። "ከፊቷ ያለው ምን ይላል?"

"'የተመሠረተው' ይላል።"

"በማን?"

"እሱን አይልም።"

"እንዲህ ብለህ ጻፍ ያለው ማነው?"

"ትርጉሙን የነገርኩት እኔ ነኝ።"

ፎቶውን ጭናቸው ላይ ደፉት። ከዚያ፣ "ምሳ በልተሃል?" አሉኝ።

"አልበላሁም።"

ተነስተው ፎቶውን እንደያዙ ወደ ጓዳ ገቡ። ቆይተው ሲመለሱ ፎቶውም ምሳም በእጃቸው አልነበረም።