ሁለቱ ሳቢሳዎች

በጃንሆይ የመጨረሻ ዓመታት መሰለች ወልቂጤ መውጫ፣ ዋቤ ድልድይ አጠገብ ሻይ ትሸጥ ነበር። ክረምቱ እንደወጣ አንድ ሽማግሌ በየገበያው ቀን ከአውቶቡስ ይወርዱ ጀመር። ካፖርታቸው ክርኑ ላይ ተጥፏል፤ ጫማቸው ግን ሁልጊዜ እንደተወለወለ ነው። ገበያ አይወጡም። ፊታቸውን ወደ ወንዙ አዙረው፣ ሻዩ እጃቸው ላይ እስኪበርድ ድረስ አንገተ ረጃጅሞቹን ሳቢሳዎች ያያሉ።

«ወፍ ይወዳሉ መሰለኝ፣ አባባ» አለቻቸው አንድ ቀን።

«መለየት እየተማርኩ ነው ልጄ። ያ ግራጫው ውሃ ውስጥ ቆሞ ዓሣ ይጠብቃል። ይሄ አንገተ ጥቁሩ ደግሞ ደረቁን ማሳ እየዞረ አይጥና አንበጣ ይለቅማል።»

«ለእኔስ አንድ ናቸው።»

«እኔም እንደዚያው እል ነበር። ባለቤቴ የዚህ አገር ልጅ ናት። ሁለት ወገን ናቸው፣ ና ወርደን ላሳይህ ስትለኝ ኖረች። ወፍ ለማየት ብዬ ሥራ አልፈታም እያልኩ ሳቅሁባት።»

«ታዲያ አሁን ለምን አብረው አይመጡም?»

«ከፋሲካ በኋላ ቀበርናት።»

አንገተ ጥቁሩ ከማሳው ተነስቶ በረረ፤ ሽማግሌው እስኪሰወር ድረስ በዓይናቸው ሸኙት።

«እውነቷን ነበር» አሉ ቀስ ብለው። «አሁን ከሩቅም እለያቸዋለሁ።»