የኔታ እስኪመልሱ

ደብረ ታቦር ሆስፒታል ሥራ የጀመርሁ ዕለት የክፍሉ ኃላፊ ከላይ እስከ ታች አየኝና «የንግግር ሕክምና ማለት የጉሮሮ ነው የጥርስ?» አለኝ። ንግግር የዘገየባቸውን ሕፃናት፣ የሚንተባተቡትን፣ ከስትሮክ በኋላ መናገር ወይም መዋጥ ያቃታቸውን እንደምረዳ ነገርሁት። «እንግዲያው ለጊዜው ከፊዚዮቴራፒ ጋር ተዳበይ» አለ።

በመጋረጃ የተከለለ ጥግ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበርና የእጅ መስታወት ተሰጠኝ። ከመጋረጃው ማዶ ጉልበቱ የሚታሸው ሰው በጮኸ ቁጥር በእኔ በኩል «እማ» በይ የምላት ሕፃን አብራ ትጮኽ ነበር። ቢያንስ ድምፅ አወጣች ብዬ እጽናና ነበር።

በሽተኛ ግን እምብዛም አይመጣም። አንደበቱ የተያዘ ሰው ጸበል ይሄዳል፣ አለዚያም ቤቱ ይቀመጣል። ጸበሉን ተዉ ብዬ አላውቅም፤ ጠዋት ተጠምቃችሁ ከሰዓት ኑ እል ነበር። ሕክምናው መኖሩን ያልሰማ ሰው እንዴት ይምጣ? ስለዚህ እኔ በየቤቱ መሄድ ጀመርሁ።

መሪጌታ ጥበቡን ያወቅኋቸው ያኔ ነው። በጋፋት መንገድ ባለ ደብር የዜማ መምህር ናቸው። ስትሮክ ቀኝ እጃቸውን አድክሞ ንግግራቸውን ወስዶባቸዋል። የሚባሉትን ይሰማሉ፣ ይገባቸዋልም፤ ቃሉ ግን አልወጣ ይላቸዋል።

«ስምዎ ማን ነው?» አልኋቸው።

«መሪጌታ ጥበቡ» አለች ልጃቸው አስካለ።

«ዛሬ ምን በሉ?»

«ሽሮ በልተዋል።»

«ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት አሉ!» ብዬ ቀለድሁባት። ሳቀች፤ ቀጥሎ የጠየቅሁትንም እሷው መለሰች።

ተማሪዎቻቸውም ያው ናቸው። መሪጌታ ዐይናቸውን ባዞሩ ቁጥር አንዱ ውኃ፣ ሌላው ጋቢ ይዞ ይነሣል። «የኔታ፣ አይድከሙብን» ይሏቸዋል። ትልቅ ሰው ቃል አጥቶ ሲያልበው ቁጭ ብሎ ማየት በእኛ አገር ነውር ነው። እንዲህ ሲከበሩ ውለው አንድ ቃል ሳያወጡ ይመሽባቸዋል። በጣም ያናድደኝ ነበር፤ ግን ማንን ልቆጣ? ሁሉም የሚያደርገው ከፍቅር ነው።

«ጠይቂያቸውና ጠብቂ» አልኋት አስካለን።

«ኧረ አንጀቴ አይችልም፣ እኅቴ!»

አንድ ቀን ለልምምድ እዚያው ሳለሁ የደብሩ አለቃ ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው መጡ። ብዙ ካዘኑና ካጽናኑ በኋላ «መሪጌታ፣ ደክመዋል። ወንበሩን ለሌላ መምህር እንስጥና እርስዎ ይረፉ ብለን ነው» አሏቸው። መሪጌታ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እሺ ብለዋል» አለች አስካለ። አለቃው ሊመርቁ ተነሡ።

ደነገጥሁ። ከሕመሙ ወዲህ መሪጌታ ለእሺም ለእምቢም ራሳቸውን እንደሚነቀንቁ አውቃለሁ። ዕድሜያቸውን ያስተማሩበት ወንበር በሰው አፍ ሊሄድ ነው።

«አባቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኋቸው አለቃውን። «እሳቸው ገና አልመለሱም። በአጭሩ ይጠይቋቸውና እንጠብቅ።»

«ልጄ፣ ማስጨነቅ አይሆንም?»

«ሌላ ሰው ሲመልስባቸው ይብሳል።»

አለቃው ተቀመጡ። «መሪጌታ፣ ወንበሩን ይለቃሉ?»

መሪጌታ ከንፈራቸውን አንቀሳቀሱ፤ ግንባራቸውን አላባቸው። አስካለ አፏን በነጠላዋ ያዘች። አንደኛው ሽማግሌ ሊናገሩ ሲሉ አለቃው በእጃቸው ከለከሏቸው። ደጅ ላይ ዜማ የሚያጠና የአንድ ተማሪ ድምፅ ብቻ ይሰማ ነበር።

ተማሪው አንድ ቦታ ላይ ዜማውን ሳተ። መሪጌታ ግራ እጃቸውን ወደ በሩ አነሡና ያንኑ ስፍራ ከነቃሉ፣ ሳይሰበር አዜሙት። ከዚያ ትንፋሻቸውን ሰብስበው «ድ... ድ... ድገም!» አሉ።

ተማሪው ደገመ። መሪጌታ ወደ አለቃው ዞሩና ደረታቸውን መቱ። «እኔ» አሉ። «እኔ አለሁ።»

አስካለ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። እኔም አላስቻለኝም። አለቃው «እኛ እኮ በቁማቸው ቀብረናቸው ነበር» አሉ።

ከስትሮክ በኋላ ንግግር ጠፍቶም ዜማ ሊተርፍ እንደሚችል፣ ተአምር እንዳልሆነ ላስረዳቸው ሞከርሁ። «ተአምር ነው አይደለም የሚለውን ለእኛ ተይልን፤ አንቺ ሥራሽን ቀጥይ» አሉኝ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አለቃው ሕዝቡ ፊት አቆሙኝ። አንደበቱ የተያዘ ሰው ልቡ እንዳልጠፋ፣ ጊዜ እንዲሰጡት፣ ሕክምናም እንዳለው ተናገርሁ። ከዚያ ወዲህ ከእብናትም ከሐሙሲትም ሰው መምጣት ጀመረ። ኃላፊዬም በሽተኛ ሲበዛበት በር ያለው ክፍል ፈለገልኝ።

የመሪጌታ ንግግር እስከ ዛሬ ሙሉ ባይሆንም ወንበሩን አልለቀቁም። በቃል ማብራሪያው የሚያግዛቸው ረዳት አላቸው፤ ዜማውን ራሳቸው ያርማሉ።

አሁን አዲስ ባለሙያ ሲመደብልኝ መጀመሪያ የምወስደው ወደ በሽተኛው ቤት ነው። ልምምዱን ተምሮት መጥቷል፤ ቤተ ዘመዱንና ጎረቤቱን ማስተማር ግን እዚያው ነው የሚለመደው። መናገር ያቃተው ሰው ጉዳይ እፊቱ፣ ያለ እሱ ይወሰናል። የእኛ ሥራ መልሱ ከራሱ እስኪመጣ ድረስ ቤቱን ዝም ማሰኘት ነው።