በጾም የቀረበ ዓሣ

በ1983 ዓ.ም. ነበር፤ ክረምቱ ሊገባ ሲል። ከአሰብ የወጣነው በማታ ነው፤ ቀን ቀን ሙቀቱ ጎማ ያፈነዳል ብለው ሾፌሩ ስላልፈለጉ። የጭነት መኪናው ላይ አንድ ፍራሽ፣ አንድ ሣጥን፣ የእመቤታችን ሥዕል፣ እኔና ልጄ ፅጌ። ባለቤቴን እዚያው ቀብሬዋለሁ። መኪናው ሲነሳ ወደ መቃብሩ ዞሬ አማተብኩ። ጨለማ ስለነበር በትክክል ወደ እሱ መዞሬን አላውቅም።

ከአሰብ የወጣችሁ ታውቁታላችሁ፤ እኛ አልጋችንን ደጅ ዘርግተን፣ ከላብ ጋር ስንታገል ነበር የምናድረው። አዲስ አበባ ግን ሐምሌ ላይ ብርድ ልብስ ደራርበንም ጥርሳችን ይንቀጫቀጭ ነበር። ጭቃው ጫማ ከእግር ያወልቃል። ሰዉ ደግሞ ስምሽን ከመጠየቁ በፊት አገርሽን ይጠይቃል።

መታወቂያ ላወጣ ቀበሌ ሄድኩ።

«ብሔር?» አለኝ ጸሐፊው።

«አባቴ ወሎ ነው፤ እናቴ የሸዋ ኦሮሞ ናት። እኔ የተወለድኩት አሰብ ነው።»

«ይሄ ሁሉ አይገባም እናቴ፣ ቦታው ትንሽ ነው። አንዱን ይምረጡ።»

«የቱን ልተው?»

«እሱን እኔን አይጠይቁኝ። ከኋላዎ ሰልፍ አለ።»

አንዱን ጻፈልኝ። እግዚአብሔር ይስጠው፣ ያለ እሱ ወረቀት ፅጌን ትምህርት ቤት አይቀበሉልኝም ነበር።

ቤት ያገኘሁት ጎፋ ነው፣ እትዬ አማረች ግቢ። ከወላይታ የመጡ፣ ጴንጤ ናቸው። ክፍሏን ሲያሳዩኝ ሥዕሉን በእጄ አዩት።

«ልትሰቅዪው ነው?»

«አዎ እትዬ» አልኩ፤ ከደጅ እንደሚመልሱኝ ገምቼ።

«ምስማር እንዳትመቺ። ግድግዳው ጭቃ ነው፣ ይፈርስብኛል። በገመድ አንጠልጥዪው።»

ነገሩ በዚያው አለቀ። የእሳቸው ልጅ ምሕረትና የኔዋ ፅጌ አንድ ክፍል፣ አንድ ወንበር ላይ ተመደቡ።

ትምህርት ቤቱ የመንግሥት ነው። ክፍሉ ጠባብ፣ ልጆቹ ብዙ፤ ከየአቅጣጫው የመጣ ሰው ልጅ ነው ያለበት። ፅጌን «ወደብ፣ ወደብ፣ መርከብሽ የት ቆመ?» ይሏት ነበር። ምሕረትን «ጴንጤ» ብለው ደብተሯን ይረግጡባታል። ልጄ ለሳምንታት ክፍል ውስጥ ድምፅዋን አላሰማችም።

መምህራቸው ግርማ ይባላሉ። ከጥቅምት ጀምሮ አንድ ነገር አመጡ። ከቤታቸው ትልቅ ትሪ ይዘው መጥተው፣ በምሳ ሰዓት እያንዳንዱ ልጅ ከምሳ ዕቃው ትንሽ ትንሽ ትሪው ላይ እንዲያደርግ አዘዙ። ሥጋ ክልክል ነው፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ሳይሳቀቅ እንዲበላ። መጀመሪያ የሚጎርሱት እሳቸው ናቸው። ሲበሉም «ይሄ የማነው? እናትሽ እንዴት ነው የሠራችው?» እያሉ ልጆቹን ያስወራሉ። ፅጌ በዚህ ትሪ ላይ ነው አፏን የፈታችው።

ዐቢይ ጾም ሲገባ ሁሉም የጾም ምግብ ያምጣ አሉ። አንዳንድ የጴንጤ ወላጆች አጉረመረሙ። እትዬ አማረች ግን ሳቁ፤ «ሽሮ በልቶ ከእምነቱ የወጣ ሰው አላየሁም።»

አንድ ሐሙስ የዝዋይ ዓሣ ገበያ ላይ አገኘሁ። ከአሰብ ከወጣሁ ቀምሼ አላውቅም። እኛ እዚያ በጾም ዓሣ እንበላ ነበር፤ የንስሐ አባታችን ፈቅደውልናል። በሽንኩርትና በቃሪያ ጠብሼ በማግስቱ ለፅጌ ቋጠርኩላት።

ማታ ፊቷ ጠቁሮ መጣች።

«እማዬ፣ ልጆቹ ዓሣውን ሥጋ ነው አሉ። በልተው ሲጨርሱ አለቀሱ። ያመጣችው ምሕረት ናት አሉ።»

«መምህሩስ?»

«ዛሬ ቢሮ ተጠርተው አልነበሩም።»

«አንቺ ምን አልሽ?»

«ዝም አልኩ። ደግመው ወደብ እንዳይሉኝ።»

አልተቆጣኋትም። ሰኞ ወላጅ ተጠራ።

ክሱን ያቀረቡት የአንዱ ተማሪ እናት፣ ወይዘሮ ተዋበች ናቸው። እኚህ ሴት ለኔ ባለውለታዬ ናቸው። ሀና ማርያም ቤተ ክርስቲያን ብቻዬን ቆሜ አይተውኝ ጋቢ ሰጥተውኛል፤ ከንስሐ አባት አገናኝተውኛል፤ ለሚቀጥለው ወር ደግሞ ማኅበራቸው ሊያስገቡኝ ቃል ገብተው ነበር። በዚህ ከተማ ሰው ብዬ የያዝኩት እሳቸውንና ጓደኞቻቸውን ነው።

«ያቺ የመናፍቅ ልጅ ሆን ብላ ሥጋ አበላችብን» አሉ። «ትሪው ይቅር። ልጅቷም ከክፍሉ ትውጣ።»

እትዬ አማረች ከኋላ ተነሱ። «እኛ በዓመት በዓል የምናየውን ሥጋ ለእናንተ ልጆች በአዘቦት እንልካለን? እንዲህ ሀብታም መሆናችንን ማን ነገራችሁ?»

ሰዉ ሳቀ። ወይዘሮ ተዋበች አልሳቁም። እኔ ተነሳሁ።

«ዓሣ ነው። እኔ ነኝ የላክሁት፣ በፅጌ ምሳ ዕቃ። ምሕረት ያመጣችው ሽሮ ነበር።»

ቀጥሎ አንዱ አባት «ዓሣማ ጾም ነው» አለ።

«ማን ፈቀደልህ? ደም የለውም?» አለው ሌላው።

«ትንኝም ደም አላት።»

«ታዲያ ትንኝ ትበላለህ?»

ዳይሬክተሩ ጠረጴዛውን መቱ። «የወላጅ ስብሰባ ነው የጠራሁት ወይስ የሊቃውንት ጉባኤ?»

መምህር ግርማ እስኪበርድ ጠበቁ። «ያን ቀን አጠገባቸው አልነበርኩም፤ ጥፋቱ የኔ ነው። ግን ትሪው ከመጣ ወዲህ በክፍሌ ውስጥ በእምነቱ ወይም በዘሩ የተሰደበ ልጅ የለም። እባካችሁ ይህን አትንጠቁኝ።»

ምሕረት ከክፍሉ አልወጣችም፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ትሪው ግን ቀረ። ዳይሬክተሩ ጠብ ፈርተው፣ ከነገ ጀምሮ ጾመኛ በመስኮቱ በኩል፣ የማይጾም በበሩ በኩል ይቀመጥ፣ ይማር፣ ይብላ ብለው ወሰኑ።

በር ላይ ወይዘሮ ተዋበች ጠበቁኝ። «እኔ ከሰው ልቀላቅልሽ ስል፣ አንቺ ከነሱ ጋር ቆመሽ አዋረድሽኝ?»

«እሜቴ፣ ውለታዎን አልረሳም። የልጅቷ ጥፋት ስላልሆነ ነው።»

«እንግዲህ ማኅበሩ ይቆይ። ሴቶቹን ላነጋግራቸው» ብለው ነጠላቸውን አጣፍተው ሄዱ።

ቤት ስገባ እትዬ አማረች ደጃፌ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው።

«ለምን ተናገርሽ? እኛ ስድቡን ለምደነዋል።»

«ልጆቹ አይልመዱት እትዬ።»

እጄን ያዙ፤ «ተባረኪ» ብለው ገቡ። ፅጌ ፍራሹ ላይ ተጠቅልላ ነበር። «እማዬ፣ እኔ በመስኮቱ በኩል ማንንም አላውቅም» አለችኝ። በጣም ደክሞኝ ነበር፤ አገር መልቀቁ እንኳ እንዲህ አላደከመኝም።

በማግስቱ ጠዋት ጸሎቴን አድርሼ ለፅጌ ሽሮ ቋጠርኩ። ሁለቱን ልጆች በሁለት እጄ ይዤ ሄድኩ። ሰንደቅ ዓላማ እስኪሰቀል ቆሜ ወደ ዳይሬክተሩ ቀረብኩ።

«ፅጌን ከማይጾሙት ጋር ያስቀምጡልኝ።»

«እርስዎ ጾመኛ አይደሉም እንዴ?»

«ነኝ። እሷም ትጾማለች። ሽሮዋን እዚያ ሆና ትበላለች።»

«ሌሎቹ እናቶች ምን ይሉኛል?»

«እናትየዋ ናት የጠየቀችው ይበሏቸው።»

አናታቸውን አከኩ፤ ከዚያ ለመምህር ግርማ በእጃቸው ምልክት ሰጡ። ፅጌ ደብተሯን ይዛ ወደ በሩ በኩል ስትሻገር አየሁ። ከዚያ ወደ ሀና ማርያም ሄድኩ። በጾም ቅዳሴ የሚገባው አርፍዶ ስለሆነ ቅጥሩ ውስጥ ገና ሰው አልነበረም። ተሳልሜ ወደ ሴቶቹ በኩል ዞርኩና፣ ወይዘሮ ተዋበች ሁልጊዜ ከሚቆሙበት አጠገብ ቆሜ ጠበቅኋቸው።